በማይታወቅ ሰው እጅ የዞረ ውጤት

የክሊኒኩ ሰዎች «እሳቷ» ይሏታል። ድረ ገጻቸውን የምትሠራው እሷ ናት። ስትናደድ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ዝቅ ነው የሚለው። ያኔ የሚያውቃት ሁሉ ዞር ይልላታል።

ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ፣ የተካት ባልደረባዋ ታካሚዎች የላቦራቶሪ ውጤታቸውን በስልካቸው የሚያዩበትን ገጽ ሠርቶ ጠበቃት። ውጤቱ የሚቀመጠው ምርመራውን በሚሠራው ሌላ ድርጅት፣ በላቦራቶሪው ሰርቨር ላይ ነው። ድረ ገጽ የሚከፍተው ብሮውዘር ደግሞ የአንዱ ድርጅት ገጽ የሌላውን መረጃ እንዲያነብ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ እሺ አይልም። እንዴት ሊሠራ ቻለ ብላ ኮዱን ከፈተች። የታካሚው ሁሉ ውጤት ከኢንተርኔት በተገኘ ነጻ ፕሮክሲ፣ መረጃ ተቀብሎ በሚያሳልፍ የማይታወቅ ሰው ሰርቨር በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። እናቷም ባለፈው ሳምንት እዚሁ ተመርምራለች።

«ስማ፣ ይሄ ፕሮክሲ የማነው?» አለችው ባልደረባዋን።

«እኔ ምን አውቄ። በፊት ለፊት አላስገባ ሲለኝ በጓሮ ዞርኩ።»

«የሰው ገመና ተሸክመህ?»

«ኧረ እህቴ፣ ይሠራል አይደል እንዴ።»

«የቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አለችና ገጹን ለሁሉም ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። «እመቤት፣ ሰው ውጤቴ የታለ እያለ በር ላይ ቆሟል። ለጊዜው መልሺው።»

«የእርስዎ ውጤት ቢሆንስ ጋሼ?»

«የእኔ አይደለማ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይመልሰው። እኔን ግን ከዛሬ በኋላ አይጠብቁኝ።» ድምጿ ከመውረዱ የተነሳ ጎንበስ ብሎ ነው የሰማት። ወደ ባልደረባዋ ዞረ፤ እሱ ጫማውን ያያል።

እዚያው ቆማ ላቦራቶሪው ጋ ደወለች፤ የክሊኒኩ ገጽ ውጤቱን በቀጥታ እንዲያነብ እንዲፈቅዱላቸው ጠየቀች።

«ይሄማ የአፍታ ሥራ ነው» አላት የሰርቨሩ ኃላፊ። «እስካሁን ግን ማን ጠየቀን?»

ስልኩን ስትዘጋ ንዴቷ ባሰ። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ቢጠይቅ ኖሮ!

ከምሳ በፊት ገጹ ያለ ፕሮክሲ ሠራ።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አላለቀም። እስከ ዛሬ በፕሮክሲው ያለፈው ውጤት ማን እጅ እንደገባ አናውቅም። ለታካሚዎቹ እንንገራቸው።»

«ስማችንን በገዛ እጃችን እናጥፋ?»

«እሱማ ጠፍቷል፤ እነሱ አልሰሙም እንጂ» አለችና እናቷ ጋ ደወለች። የሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረቻት።

«ልጄ» አለች እናቷ፣ «እኔ እኮ ውጤቱን ላንቺ እንኳ አልነገርኩሽም።»