እኛ የተባልኩት እኔ

እንግሊዝኛ ስንጀምር መጀመሪያ የተማርነው ቃል «አይ» ነው። አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ትርጉሙም እኔ ማለት ነው። ጎባ አንደኛ ደረጃ ሳለሁ መምህራችን ደረታቸውን በእጃቸው እየመቱ አሳይተውናል፤ እኛም ደረታችንን እየመታን ተከትለናቸዋል። አድጌ፣ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ፣ ወፍራም ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ በዚህች ቃል ትወድቂያለሽ ያለኝ ሰው ቢኖር እስቅበት ነበር። ወደቅሁባት።

የምሠራው ሮቤ፣ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ነው። የምኖረው ጎባ፣ አባቴ ቤት። ጠዋት በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከታመሙ ወዲህ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነዋል። እናቴ ቀድማ አርፋለች። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ ታናሼ ድሬዳዋ። ሁለቱም ሚስትና ልጆች አሏቸው። እኔ የለኝም፤ ስለዚህ ጎባ አለሁ። ይህ «ስለዚህ» ከየት እንደመጣ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ቀን ቀን ጎረቤታችን ይመጡልኛል። «አታም ቡልተን?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ይሏቸውና አባቴን ምሳቸውን ያጎርሷቸዋል። ማታ ግን የእኔ ተራ ነው፤ ሌሊትም የእኔ፤ ቅዳሜና እሁድም የእኔ። መስክ ወጥቼ ማደር ከተውኩ ቆይቻለሁ። በመስኮት የሳነቴ ተራራ ይታየኛል፤ ከዚያ ማዶ ያለውን አገር ሁሉ እየዞርኩ ከብት ያከምኩበት ጊዜ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር። ቤቱ ጠቦኝ ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ብናገር ሰው ምን ይለኛል እያልኩ እንደ ነውር ደብቄ ይዤዋለሁ።

ከዚያ ሐዋሳ የተቀመጠ አንድ ድርጅት የእንስሳት ሐኪም እንደሚፈልግ ሰማሁና አመለከትኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለቃለ መጠይቅ በኢንተርኔት ጠሩኝ። አባቴን አብልቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሳሎን ውስጥ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከወዲያ በኩል ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ፈረንጅ ሴትና ዝም ብሎ የሚጽፍ አንድ ያገራችን ሰው ነበሩ።

ሴትዮዋ በሥራ ያጋጠመኝን ከባድ ችግርና እንዴት እንደተወጣሁት ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቻለሁ። አባቴ ሳይታመሙ በፊት፣ አንገቱ በምትባል ከተማ አካባቢ አባ ሰንጋ ገብቶ ከብት ሲጨርስ ክትባት ይዘን ወርደን ነበር። በክረምት ነው። ሳነቴን አልፈን ሐረና ጫካ ውስጥ መኪናችንን ጭቃ ያዘው። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በረዶው ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሹፌሩ መኪናውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ከአንድ ማር ቆራጭ በቅሎ ተከራይቼ፣ ሳጥኑን ጭኜ፣ እስኪመሽ በእግሬ ሄድኩ። ደርሼም አላለቀም፤ የመንደሩ ሰዎች መርፌው ላሞቻችንን ያስወርድብናል ብለው እምቢ አሉ። በኦሮምኛ ስለምናቸው፣ ስቆጣቸው፣ ስቀልድባቸው ቆይቼ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን አቀረቡልኝ።

ለሴትዮዋ የነገርኳት ግን እንዲህ ነው። በቅሎ ተከራየን። ሄድን። ሕዝቡን አሳመንን። ከተብን። በእንግሊዝኛ፣ ሰዋስው ሳይጎድል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ዊ»፣ እኛ።

«ስንት ሰው ነበራችሁ?» አለችኝ።

በልቤ ቆጠርኩ። እኔና በቅሎዋ ነበርን።

«ጥቂት ነበርን» አልኳት።

ሳቅ አለችና አንቺ ራስሽ ምን ሠራሽ አለችኝ። እኔም፣ ያው ሁላችንም ተባብረን ነው አልኩ። ሌላም ምሳሌ ጠየቀችኝ፤ ሌላም እኛ አልኳት። ደግ ሴት ነበረች፤ በር እየከፈተችልኝ እኔ መልሼ እዘጋው ነበር። በመሃል አባቴ ከመኝታ ክፍላቸው ጠሩኝ፤ ውሃ ፈልገው ነው። ይቅርታ ጠይቄ ተነሣሁ፤ ስመለስ ጊዜው አልቋል። ከሳምንት በኋላ የመጣልኝ መልስ ትሁት ነበር። ጥሩ ቡድን ውስጥ እንደምሠራ ገብቷቸዋል፤ እኔ በቡድኑ ውስጥ ምን እንደምሠራ ግን አልታያቸውም።

በጣም ተናደድኩ። መጀመሪያ በእነሱ ነው የተናደድኩት። ሰው እንዴት ስለ ራሱ ያወራል? እኛ ቤት «እኔ» የሚል ልጅ ይቆነጠጣል። አራተኛ ክፍል ሆኜ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ እያልኩ ስገባ እናቴ አፌን በእጇ ያዘችና «እግዚአብሔር ነው በዪ» አለችኝ። መሥሪያ ቤት ስገባም ያገኘሁት ያንኑ ነው። የእኛን ሪፖርት ያነበበ ያውቀዋል፤ ክትባት ተሰጥቷል፣ ግንዛቤ ተፈጥሯል፣ ክትትል ተደርጓል። ማን ሰጠ፣ ማን ፈጠረ፣ ማን ተከታተለ የሚል ካለ ነገረኛ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ያደገ ሰው ከድሩ መሃል አንዷን ክር ነጥሎ ይቺ እኔ ነኝ አይልም።

ሮቤ ባለው ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ፤ ከወላይታ የመጣች፣ የልቧን የምትናገር። የደረሰኝን መልስ አንብባ ገባት። «እንግሊዝኛሽ ምንም አይወጣለትም» አለችኝ። «ችግሩ ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ሰው የለም።»

ያ የሥራ መደብ ሳይሞላ ቀርቶ እንደገና ማስታወቂያ ሲወጣ እሷ ናት ግድ ብላ እንዳመለክት ያደረገችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ ቢሮዋ እየሄድኩ ታለማምደኝ ጀመር። ዘዴዋ አንድ ነው። እኔ «ዊ» ባልኩ ቁጥር እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ኳ ታደርግና «ማን?» ትለኛለች።

«ሳጥኑን ጫንን።»

«ማን?»

«እኔ ጫንኩ። ግን እኮ ማር ቆራጩ ገመዱን ይዞልኛል።»

«እሱ ገመድ ያዘ በዪ። አንቺ ጫንሽ በዪ። ምኑ ይከብዳል?»

ይከብድ ነበር። በአማርኛ እኮ «ጫንኩ» ስል እኔነቴ ከግሱ ጅራት ተለጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። የእንግሊዝኛው ግን በየዓረፍተ ነገሩ ፊት ይቆማል፤ ያውም ሁልጊዜ በትልቁ ፊደል። ባልኩት ቁጥር ጆሮዬ ይግል ነበር። ሹፌሩን የካድኩት፣ ማር ቆራጩን የካድኩት መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። በቃሉ በትክክል ከተጠቀሙበት ማንንም አያስክድም። ሹፌሩ መኪናውን ጠበቀ፤ ማር ቆራጩ ገመድ ያዘ፤ እኔ ሄድኩ። ሁሉም ድርሻው ላይ ይቆማል። እኛ ስል ነበር ሁላችንንም ያጠፋሁት።

ክፉው ነገር፣ የጓደኛዬ «ማን?» ጎባ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እሁድ እሁድ ወንድሞቼ ይደውላሉ፤ ስልኩን አባቴ ወንበር አጠገብ አስቀምጬ ድምፁን እከፍትላቸዋለሁ። አንድ እሁድ ጠና ያለ ሠራተኛ እንቅጠር ብዬ ነበርና ታላቄ ተነሣብኝ።

«አባባን ለባዕድ ሰው? እኛ እያለን? እኛ ነን የምናስታምማቸው እህት ዓለም! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

ማን? አልኩ በልቤ። ሎሚው በሙሉ እኔ ጉያ ውስጥ ነው። ማን ነው አባባን ሌሊት የሚያገላብጣቸው? ማን ነው የሚያጥባቸው? ስልኩን አነሣሁና «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት። ይህን መጻፍ ቢከብደኝም እውነቱ ይኸው ነው፣ ጠላሁት። ከዚያ ወዲህ እኛ የምትለው ቃል በተነሣች ቁጥር በር ሲቀረቀር ይሰማኝ ነበር። እኛ አናደርገውም፤ እኛ እንዲህ ያለ ወግ የለንም፤ እኛ ቤተሰባችንን አንበትንም። ሁሉንም እኛ እየተባልኩ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

ለሁለተኛው ቃለ መጠይቅ የተቀመጥኩት ጓደኛዬ ቢሮ ነው። እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ሰው እንዳይገባ ትጠብቅልኛለች። ያቺው ፀጉረ አጭር ሴት ያንኑ ጠየቀችኝ፣ እኔም ያንኑ ጫካ ነገርኳት። በቅሎ ተከራየሁ። በእግሬ ሄድኩ። እምቢ ሲሉኝ ተቀምጬ አነጋገርኳቸው። ፈራሁም አልኳት፤ ይህን አልተለማመድኩትም ነበር፣ ራሱ ነው የወጣው። ያ የሚጽፈው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ስጨርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል። ያንን መንገድ የሄድኩት እኔ እንደሆንኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከራሴ አፍ፣ ያውም በሰው አገር ቋንቋ ነው።

ሥራውን ሰጡኝ። እስከ ዓርብ መልስ ስጪን አሉኝ።

እሁድ ወንድሞቼ ሲደውሉ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ታላቄ «እስቲ እንመካከርበት፤ እኛ» ሲል አላስጨረስኩትም።

«እኔ ልሄድ ነው» አልኩ። «አባባ በየተራ እናንተ ጋ ይቆዩ፤ ካልሆነም ሰው እንቅጠር፤ ከደመወዜ እኔም አዋጣለሁ።»

የታላቄ ቤት ጠባብ ነው፤ ደረጃውም አይወጣም። የታናሼ አገር ሙቀቱ ለአባባ አይሆንም። የታላቄ ሚስት ጀርባዋን ታማለች። ሁሉም እውነት ነው። እኔም እውነት ነበርኩ። ድምፄ ከፍ እያለ ሄደ፤ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ እኔ፣ እኔ፣ እኔ እያልኩ በአማርኛ እንደ ልብ ወረድኩበት። ማንም አፌን አልያዘኝም።

አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ በደኅናው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጋቢ ይዘው ያዳምጡ ነበር። እሳቸው «እኔ» አይሉም። እኛ ሹፌሮች፣ እኛ የባሌ ሰዎች፣ እኛ ቤት ነው የሚሉት። ሲርባቸው እንኳ «ምሳ አንበላም?» ነው።

ጩኸቱ ሲያባራ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔስ?» አሉ።

ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። መንገድ የጠፋው ሰው አቅጣጫ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁኝ። ወንድሞቼ መስማታቸውን እንጃ፤ ስልኩ ተቋረጠ፣ ወይም ዘጉት። እኔ አባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ቆየሁ።

ሐሙስ ለድርጅቱ ጻፍኩ። ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ሥራውን በጣም እፈልገው ነበር። መምጣት አልችልም። አባቴን ጥዬ ላለመሄድ ወስኛለሁ። አጭር ደብዳቤ ነች፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በዚያች በአንዷ ፊደል ይጀምራል። ከመላኬ በፊት ለጓደኛዬ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበቻት። የምታርመው ነገር አጣች። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ብላ እስክሪብቶዋን ወረወረችው፤ ከዚያ አቀፈችኝ።

የሚቀጥለው እሁድ ታላቄ ብቻውን ደወለ። መቅረቴን ለታናሼ ነግሬው ነበር፤ እሱ ነግሮታል። ድምፁ ቀሎታል።

«እህቴ፣ ጥሩ ወሰንን» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ጥሩ ነው የወሰንን።»

«እኔ ነኝ የወሰንኩት» አልኩት። «አንተ የለህበትም።»

«እንግዲህ ያው ነው።»

«ያው አይደለም። አንተ መቼ ነው የምትመጣው? ሚስትህን አላልኩም፣ ልጆችህን አላልኩም። አንተ። ለአንድ ሳምንት። አባባን ልታጥብ፣ ሌሊት ልትነሣ።»

ከወዲያ መኪና ሲጮህ፣ ሰው ሲያልፍ ይሰማኛል። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንመጣለን» አለኝ። «ለፋሲካ ሁላችንም እንመጣለን።»

ስልኩን ለአባቴ ሰጠኋቸው፤ እኔ ውሃ ላሞቅ ወደ ጓዳ ገባሁ።