ሉዞሎ ያልጠራችው ስም

ኪንሻሳ ውስጥ ዘፈን አውጥቶ ሰው ያላስቀየመ ዘፋኝ ካለ አምጡና አሳዩኝ። እዚያ በጭፈራ ዘፈን መሐል የሰው ስም መጥራት ደንብ ነው፤ «ድንጋይ መወርወር» ይሉታል። ባለሥልጣኑ፣ የአልማዝ ነጋዴው፣ መኮንኑ ይከፍላል፤ ዘፋኙ ደግሞ ጊታሩ ፈጥኖ ወገብ ሁሉ በሚፈታበት ሰዓት ስሙን ይወረውርለታል። ከፍሎ የተጠራ ደረቱን ነፍቶ ይከርማል። ከፍሎ ሳይጠራ የቀረ እንደሆነ ግን ጉድ ይፈላል። የሉዞሎ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። እሷ ማንንም አላስከፈለችም፤ ቅያሜውም የመጣባት ከገዛ ቤቷ ነው።

ሉዞሎን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ንሶና ናት። እናታቸው ስትሞት ትንሿ ገና ጥርሷን አልቀየረችም፤ ንሶናም ብትሆን ለራሷ ልጅ ነበረች። ምን ይደረግ፣ ንጋባ ሰፈር ገበያ ወጥታ ጨው የጠጣ ደረቅ ዓሣ መሸጥ ጀመረች። ሉዞሎ ደግሞ መዘምራን ገባች። ድምፅዋን ሁሉም ወደደው፤ ወገቧ ግን አላስቀምጣት አለ። የመዘምራኑ መሪ ይቺ ልጅ ሃሌሉያውንም ታስጨፍረዋለች ብሎ አሰናበታት።

ከዚያ አንድ ስመ ጥር ባንድ በተወዛዋዥነት ቀጠራት። እዚያ እያለች የጻፈችውን ዘፈን ለባንዱ ፕሬዚዳንት ብታሳየው፣ ሴት ከፊት ሆና ትወዛወዛለች እንጂ ከፊት ሆና አትዘፍንም አላት። ይኼን ያለ ሰው ዘፈኑን ወስዶ ራሱ ዘፈነው፤ ዓይን አውጣ። ሉዞሎ እያለቀሰች ቤት ስትገባ ንሶና አብራት አላለቀሰችም።

«ሁለተኛ የሰው ባንድ ደጃፍ አትረግጪም» አለቻት። «ለብቻሽ ዝፈኚ። የምንበላው እኔ አላጣም።»

ለብቻ መዝፈን ደግሞ እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ከጀርባው ትልቅ ሰው የሌለው ዘፋኝ መድረክ የሚሰጠው የለም፤ ሬዲዮውም ፊት ይነሳዋል። ሉዞሎ በኮምፒውተር ከበሮ የሚያቀናብር ጎረቤት አግኝታ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጠች እሱ ጓዳ ገብታ ትቀዳ ጀመር። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። የመድረክ ልብሷን ንሶና ከገበያ መልስ ቁጭ ብላ ትሰፋላታለች። የመጀመሪያውን ዘፈን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። ሁለተኛውን የሚኒባስ ሾፌሮች ትንሽ አጫወቱትና ተዉት። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፤ ንሶና ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችባትም።

ሦስተኛው ዘፈን «ግቢያችን» ይባላል። ሉዞሎ በዚህ ዘፈን ላይ ማንም ያልደፈረውን አደረገች፤ የሀብታም ስም ይወረወርበት በነበረው ቦታ የሰፈሯን ሰዎች ጠራች። ጄኔሬተር ያዋሳትን ፓፓ ምቡታን፣ ውሃ የምታቀርብላትን ማማ ኪያላን፣ ቁልፍ ሠሪውን ጎቶን፣ ሌላም ሌላም፣ አፏ ላይ የመጣላትን ሁሉ በነፃ ወረወረችው። የንሶናን ስም ግን አልጠራችም። ረስታት አልነበረም፤ እንዲያውም ረስታት በሆነ ይሻል ነበር። ስም የሚወረወረው ለባለውለታ ነው፣ ለውጭ ሰው። እህቷን መጥራት ራሷን እንደ ማመስገን ሆኖ ታያት።

ዘፈኑ ወጣና ከተማው አበደ። ሚኒባሱ፣ ቢራ ቤቱ፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው ሳይቀር «ግቢያችን» ሆነ። በስተርጅና የተጠራው ፓፓ ምቡታ ባርኔጣ ገዛ። ጎቶም ሱቁ ላይ «በዘፈን የተጠራው ቁልፍ ሠሪ» ብሎ ጻፈ፤ ምን ያድርግ፣ ማንም ጠርቶት አያውቅም። ሉዞሎም «ሉዙ» በሚለው የመድረክ ስሟ መንገድ ላይ ትጠራ ጀመር።

ገበያ ላይ ግን ሌላ ነገር ተነሳ። ቬሮ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ አለች፤ አፏ ቅቤ አያልቅበትም፣ መርፌም አያልቅበትም።

«ንሶናዬ» አለች ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቁልፍ ሠሪው እንኳ ተጠርቷል። አንቺን ልጅቷ አታውቅሽም እንዴ?»

ንሶና መጀመሪያ አብራ ሳቀች። በማግሥቱም ሌላዋ ደገመችው፣ ከዚያም ሌላዋ። ሳቋ አለቀ። ቤት ስትገባ ለሉዞሎ እንደ ወትሮው ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሷን ትሰፋለች፤ ብቻ ወሬ ቀረ። ይባስ ብሎ «ሉዙ» ብላ ትጠራት ጀመር፣ እንደ መንገደኛው ሁሉ። ሉዞሎ ነገሩን ከጎረቤት ስትሰማ ክው አለች።

«ያያ» አለቻት፤ ታላቅ እህት እዚያ እንዲህ ነው የምትጠራው። «አንቺማ እኔው ነሽ። ራሴን እንዴት ብዬ ልጥራ?»

«ጥሩ ነው፣ ሉዙ» አለች ንሶና፤ መርፌዋንም አላስቀመጠች።

ዘፈኑን መልሶ መቅዳት አይቻልም ነበር። ሰው ስሞቹን በቃሉ ይዟቸዋል፤ የወጣ ዘፈን የሚነካካ ሰው ያፍራል። ሉዞሎ እንቅልፍ አጣች። ከተማው በሙሉ ወዷት አንዲት እህቷ ቀዝቅዛባት መኖር አልሆንላት አለ። በመጨረሻ የአክስታቸው ልጅ ሠርግ ደረሰ። እዚያ መድረክ ላይ ወጣች፤ ጊታሩ ሲፈጥን ሌላውን ስም ሁሉ ትታ «ያያ ንሶና» አለች፣ ደግማ ደጋግማ። ሠርገኛው ተቀብሎ አብሯት ጮኸ። ሁሉም ዞሮ ንሶናን አየ። ንሶና ብድግ አለች፣ የወገቧን ጨርቅ አጠበቀች፣ ሰውን ይቅርታ እያለች በመሐል አልፋ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ሉዞሎ ጓሮ ስትወጣ ንሶና ዓሣዋን ሳፋ ላይ ትደረድራለች።

«ትናንት ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ታለቅስ እንደሆነ ብሎ ነው» አለች ንሶና። «ያንን ሁሉ ሕዝብ ሰብስበሽ በግድ ይቅርታ ልታስደርጊኝ ነበር የፈለግሽው። እምቢ ብል ክፉዋ እኔ ነኝ።»

እውነት ነበር፤ ሉዞሎ ሳፋው አጠገብ ቁጭ አለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ያያ? ንገሪኝ።»

ንሶና የያዘችውን ዓሣ ሳፋው ላይ አስቀመጠች።

«ስም አለኝ፣ እናታችን አውጥታልኛለች። እኔ የጎደለኝ ሰው ነው። ዘፈን ከጀመርሽ ወዲህ አንድ ቀን ገበያ መጥተሽ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታውቂያለሽ? ይኸው ሳፋው። ተሸከሚ።»

ሉዞሎ ሳፋውን በጭንቅላቷ ተሸክማ ከእህቷ ኋላ ወጣች። ያ ሁሉ የተሠራ ፀጉር፣ ያ ሁሉ የተቀባ ጥፍር፣ የዓሣው ጨው በጆሮዋ ግንድ እየረገፈ። ጎረምሶች «ሉዙ! ሉዙ!» እያሉ በስልክ ሊቀርጿት ተከተሏት። አልቆመችም። ገበያ ደርሰው ዱካ ላይ ተቀመጡና ንሶና ትቆርጣለች፣ ሉዞሎ ትጠቀልላለች። ገዢው ተሰበሰበ፤ ግማሹ ለማየት ነው የመጣው። ሉዞሎ ለጠየቃት ሁሉ የንሶና ታናሽ ነኝ፣ ዓሣው የእሷ ነው ትላለች። ጨው ጣቷን ፈጃት፤ እህቷን ግን በጎን እያየች ልቧ ረጋ ያለላት ዛሬ ነው።

ቬሮ ሽንኩርቷን ጥላ መጣች። አፏን በእጇ ይዛ ቆየችና፣ እስቲ አንዴ ተነስተሽ ዝፈኚልን፣ እኔንም ጥሪኝ ብላ ሉዞሎን እጇን ጎተተቻት። ሉዞሎ ወደ እህቷ ዞረች።

«እህቴ ሥራ ላይ ናት» አለች ንሶና ከዓሣው ላይ ቀና ሳትል። «የምትገዢ ከሆነ ግዢ፤ አለዚያ ለሰው መንገድ ልቀቂ።»

ሉዞሎ አንገቷን ደፍታ መጠቅለሏን ቀጠለች፤ እንባዋ ግን ጨው ነው ብላ ልታሳብብ እንኳ በማትችልበት መጠን ይወርድ ነበር። ቬሮ ይኼን አይታ ትልቁን ዓሣ መርጣ ገዛች።