ባሌስትራውና ሰፊው ቅጠል

ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ የኤሊዋን ተረት ለምን ሁልጊዜ እሷ በር ላይ ስትደርስ እንደሚያቆሙት አይገባኝም ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ስንቱን መጽሐፍ አገላብጬ ስመለስም ጥያቄው አልለቀቀኝም።

አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ጣራዋ በጥላሸት የጠቆረ ጎጆ አለቻቸው። ያኔ ሲመሽ ከፍሙ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ወናፉ በተነፈሰ ቁጥር ፊታቸው ሲቀላና ሲደበዝዝ እያየሁ እሰማቸው ነበር። ኤሊ ለአራዊቱ ሁሉ መቆፈሪያ ትሠራለች። አዝመራው ሲገባ አንበሳ ይደግስና እሷንም ይጠራታል። ቀኑን ሙሉ ተጉዛ ከበሩ ትደርሳለች። እዚህ ላይ አያቴ ጉጠታቸውን ያነሳሉ።

«ገባች?» እላለሁ።

«እሱን እሷ ታውቃለች።»

አንድ ክረምት አቶ ጳውሎስ የሚባሉ የአረካ ነጋዴ ጂፓቸውን ይዘው መጡ። በቆሎ ሲጫንባት ጭነቱን የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራዋ እየረገበ ሆዷ ጭቃው ላይ ይቀመጥ ነበር። «ከኋላ ከፍ አድርግልኝ» አሉ። አያቴ በዕድሜ አባታቸው ይሆኑ ነበር፤ ነጋዴው ግን «አንተ» ነበር የሚሏቸው።

አያቴ መኪናዋን በግንድ ደግፈው ባሌስትራውን ፈቱ። እንደ ቀስት መጉበጥ የነበረባቸው ድርብርብ ብረቶች ቀጥ ብለው ነበር። እያንዳንዱን ከፍሙ እያወጡ ቀጥቅጠው አጎበጡት፣ ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራም አንድ ቆርጠው ጨመሩበት። ታስሮ ሲያልቅ መኪናዋ ከኋላዋ ቀና አለች።

«ጅብ ነበረች እኮ! አሁን እንደ ፍየል ቂጧን አነሳች!» ብለው አቶ ጳውሎስ ሳቁ። «በል ግባ፣ ዛሬ ከቤቴ ትበላለህ። ልጅቷንም ያዛት።»

መኪና ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ኤሊዋ በጂፕ ወደ ድግሱ እየሄደች ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

አረካ ስንደርስ በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጥ እንግዶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በሳህን ይበላሉ። አቶ ጳውሎስ ራሳቸው ጓሮ ገብተው የእንሰት ቅጠል ቆርጠው መጡና ከውጭ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር አነጠፉልን። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ከሌላው ጋር ከአንድ ገበታ አይቀርብም።

«ሌላው ሰው የደረቀ ቅጠል ነው የሚሰጣችሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «እኔ ግን ሰፊውን፣ ለጋውን መረጥኩልህ።»

ደግ ነገር እንደሠሩ ያምኑ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታው» አሉ አያቴ።

ፊቴ ነደደ። የክፍሌ ልጅ ማርታ፣ የአቶ ጳውሎስ ልጅ፣ ከውስጥ ታየኛለች። ውሃ የጠጣንበትን ቅል እናቷ ከቤቱ ጀርባ ወስደው ሰበሩት፤ ድምፁን ሰማነው። መኪናዋ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ፊት ለፊታችን ቆማለች። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ቅጠሉ ላይ ያቀረቡልን ሥጋ ጣፍጦኝ መብላቴ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ አያቴ ተረት አልነገሩኝም፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ንገሩኝ አላልኩም።

ሰሞኑን ማርታ ልታገባ ነውና ልትጠራኝ መጣች። «አያትሽንም ይዘሻቸው ነይ» አለችኝ፣ «ከውጭ ጥሩ ጥላ አዘጋጅተንላቸዋል።» እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። ከሄደች በኋላ ግን እሺ ማለቴ አሳፈረኝ፤ ያ ቅጠል እስከ ዛሬ ከበሩ ፊት ተነጥፎ ኖሯል።

ሲመሽ ከፍሙ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ኤሊዋ ገባች?»

ፍሙን ቆሰቆሱት። አርጅተዋል፤ ወናፉን የሚነፉት አልፎ አልፎ ነው።

«አልገባችም፤ ብቻዋን ነበረች» አሉኝ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ እግር ግን አለኝ። በሠርጉ ዕለት እጃቸውን ይዤ በበሩ እገባለሁ፤ አግዳሚው ላይ ከጎኔ አስቀምጣቸዋለሁ። ሳህን ካልመጣልን አብረን እንነሳለን።