በመስቀሉ ላይ የሚጻፈው ስም

ማክሰኞ ማለዳ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ «ዶክተር ተካልኝ አርፈዋል! ቀብር በስምንት ሰዓት!» እያለ በመርካቶ ሰባተኛ ሰፈር ሲለፍፍ ክው ብዬ ቀረሁ። ሰኞ እኮ ሱቃቸው ውስጥ አቡጀዲ ሲለኩ አይቻቸዋለሁ። እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

የምታውቋቸው ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ ጋሼ ተካልኝ ፈረንሳይ አገር የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ለዶክትሬት ሲያጠኑ ቆይተው፣ አባታቸው ሲታመሙ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሳይጨርሱ ተመልሰው የጨርቅ ሱቁን የያዙ ሰው ነበሩ። መርካቶ ግን ዶክተር አላቸው። የዶክተር ሥራ ደግሞ ማከም ነውና በሽተኛው ሁሉ ወደ ሱቁ ይመጣ ነበር። እናቴም ሳሏ ሲጠናባት «ዶክተር፣ እባክዎ ደረቴን ይዩልኝ» ብላ ሄደች። እሳቸው አላሳፈሯትም። ሱቃቸውን ዘግተው ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሐኪሙ ከፈረንሳይኛ ሌላ አያውቅም ነበርና ጥርና የካቲትን ሙሉ አብረዋት እየተመላለሱ አስተርጓሚ ሆኑላት።

እኔንም ባንኮኒው ጥግ አስቀምጠው ፈረንሳይኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለትርጉም ስቸኩል «ቃልም እንደ አቡጀዲ ነው፤ ሳትለኪ አትቁረጪ» ይሉኝ ነበር። ይኸው እኔም ለዚያው ትምህርት ወደዚያው አገር ልሄድ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነው።

በቀብሩ ማግስት እህታቸው እትዬ ዘነበች የሳጥናቸውን ወረቀቶች እንዳነብላቸው ጠሩኝ። የመመረቂያ ጽሑፉ አልቆ፣ በሱቁ ክር ተሰፍቶ ተቀምጧል። ከላዩ የመምህራቸው ደብዳቤ አለ፤ ለመጨረሻው ፈተና ይምጡ ይላል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ ብቆጥረው እናቴ የታመመችበት ጥር ሆኖ አረፈው።

ለእኛ ሲሉ ቀሩ? ወይስ ፈሩ? ወይስ ሱቁን የሚይዝላቸው አጥተው ነው? ልኩራ ወይስ ልፈር፣ እሱም ጠፍቶኛል።

አሁን ደግሞ እድሩ በመስቀላቸው ላይ የሚሰፍረውን እንድጽፍ አዞኛል። እትዬ ዘነበች «ያልተሰጠውን ማዕረግ እንዳትጽፊ፤ መቃብር ላይ አይዋሽም» አሉኝ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር።

«ታዲያ እኔን ማን አዳነኝ?» አለች።



ጋሼ፣ ለምን እንደቀሩ ሳልጠይቅዎ ሄዱ። ጽሑፍዎን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ እዚያ ስደርስ ለማን እንደምሰጠው ግን አላውቅም። በመስቀልዎ ላይ «ዶክተር ተካልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ደጋግሜ ለክቼ ነው የቆረጥኩት። በሰላም ይረፉልኝ።