እናቴ የሳሳችለት ጫማ

ትናንት እዚህ ሞጣ ጎረቤቴ የተሰነጠቀ ባልዲዋን በጋለ ቢላ ስታያይዝ፣ የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ በመስኮት ገብቶ ቢቸና ያደግሁበት ቤት ምድጃ ፊት አስቀመጠኝ።

ክረምት ሲገባ እናቴ ጭቃው የቀደደባትን ኮንጎ ጫማ አጥባ፣ ቢላ ፍም ላይ አግላ፣ ከአሮጌ ጫማ የቆረጠችውን ላስቲክ ስንጥቁ ላይ አቅልጣ ትለጥፈው ነበር። ተለጥፎ ተለጥፎ የመጀመሪያ ቀለሙ እንኳ ጠፍቶ ነበር። ሳጥኗ ውስጥ ግን አባቴ ለሥራ ሞጣ ደርሶ ሲመለስ የገዛላት ቡናማ ጫማ፣ ለክት ተብሎ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር።

መስከረም ሲጠባ አባቴ «ዛሬስ ታደርጊዋለሽ?» ይላት ነበር። «ጤዛው ያበላሽብኛል» ትለዋለች። ለጥምቀት አቧራው፣ ለፋሲካ ግፊያው፤ ሰበብ አጥታ አታውቅም። አውጥታ፣ ወልውላ፣ መልሳ ትጠቀልለውና በኮንጎዋ ትወጣ ነበር። ጠልታው ይሁን ወዳው ግራ ይገባኝ ነበር። እሱም ሳይጨንቀው አልቀረም፤ አንድ ቀን እኔን ሕፃኗን «ቀለሙን አልወደደችው ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥር ላይ አጎቴ ሞጣ ሲያገባ ጫማው በመጨረሻ ወጣ። አባቴ አውቶቡስ ውስጥ እግር እግሯን እያየ ፈገግ ይል ነበር። ወርደን ሠርጉ ቤት ሳንደርስ፣ ሶሉ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርፍሮ መንገድ ላይ ቀረ። እናቴ ባዶውን ቆዳ ይዛ «አንድ ቀን እንኳ ሳላደርገው! እንዲህ ስሳሳለት!» አለችና አለቀሰች። አባቴ ፍርፋሪውን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ምነው በእግርሽ ባለቀ» አለ። ለመመለሻ በፌስታል የያዘችውን ኮንጎ አድርጋ ሠርጉ ቤት ገባች። በየክረምቱ እሳት የበላው ጫማ ደህና ሆኖ፣ በነጠላ የተጠቀለለው ለምን እንደፈረሰ ያኔ ማንም አላስረዳኝም፤ እንዲህ ያለ ሶል ሳይደረግ ዓመታት ሲቀመጥ በራሱ እንደሚፈርስ ካደግሁ በኋላ ከጫማ ሰፊ ሰማሁ።

አሁን የልጆቼ ጫማ በወሩ ይከፈትና ይጣላል፤ ቢላ የሚያግልለት የለም። የራሴን ግን ጫማ ሰፊ ሊጠግነው የሚችለውን መርጬ እገዛለሁ፣ በነጋታው አደርገዋለሁ፣ ሲያልቅ ሶል አስቀይራለሁ። አባቴ ቢኖር ደስ ይለው ነበር እላለሁ። እናቴ ግን ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር አዲሱን ጫማዬን አቧራ ለብሶ ስታየው ፊቷ ይጠወልግና፣ «ልጄ፣ ትንሽ እንኳ አትሳሺለትም?» ትለኛለች። እሷ ፊት አውልቄ እወለውለውና፣ በነጋታው መልሼ አደርገዋለሁ።