ሽሪምፕ የሚመርጡት ሰውዬ

ሰውየው ዛሬም መጡ። የኮታቸውን ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ዘለው ስለሚቆልፉት ኮቱ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል፤ የጌጥ ዓሣ ሻጯ ከሩቅ የምታውቃቸው በዚያ ነው። እንደ ልማዳቸው፣ ለዓሣ ምግብ የሚሸጠው ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ ሽሪምፕ፣ ከነሕይወቱ በሚዋኝበት የጨው ውሃ ገንዳና በረዶ የሠራው በተደረደረበት ፍሪዘር መካከል ቆመው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ የቱን ላድርግልዎት?»

«እኔም እንጃ ልጄ። የባለቤቴ ዓሣ የበረዶውን አሽትቶ ይተወው አልነበር? በሕይወት ያለውን ስገዛለት ደግሞ ጭራሽ አልነካውም። አብረው ሲዞሩ ነው የሚውሉት።»

«ውይ! በረሃብ ሊሞት ነዋ!»

«የለም፤ ሽሪምፑ ከገባ ወዲህ የበረዶውን መብላት ጀምሯል።»

ሻጯ ግራ ገባት። «እንግዲያው የበረዶውን ይውሰዱና ይገላገሉ» ብላ ፌስታል ስታነሳ፣ ሰውየው በእጃቸው አስቆሟት።

«ሽሪምፑስ ምን ይበላል? የገዛ ወገኑን አላበላው ነገር።»

ሳቋ መጣ። ሽሪምፕ ለዓሣ ምግብ ስትሸጥ ኖራለች፤ ለምግቡ ምግብ የጠየቃት ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን አለ ባለቤትዎን ቢጠይቋቸው?» አለች እየሳቀች።

ሰውየው የኮታቸውን ቁልፎች ሁሉ ፈቱና ከላይ ጀምረው ቀስ ብለው ቆለፉ። አሁንም አንድ ቀዳዳ ዘለሉ።

«በመጨረሻዋ ሰዓት አደራ ያለችኝ ስለ ዓሣው ነው» አሉ። «ስለ ሽሪምፑ ምንም አላለችኝም።»