ወርዋሪያችን ያልተሰደበበት ቅዳሜ

ሶፍትቦል የጀመርነው እግር ኳስ ስላቃተን ነው። አጨዋወቱ አይደለም ያቃተን፤ እሱንማ ሁላችንም ከጨርቅ ኳስ ጀምሮ እናውቀዋለን። ያቃተን አብሮ መጫወቱ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ በዋሽንግተን ዙሪያ የተሰባሰብነው ሰዎች አገር ቤት በተለያየ ጎራ ተሰልፈን የነበርን ነን። አንዱ ኳስ ካላቀበለ ሌላው «ድሮም እናንተ» ይላል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ ክርክሩ ይቀጥላል። በሶፍትቦል ግን፣ አንዱ ወርውሮ ሌላው በዱላ በሚመታው የአሜሪካኖች የኳስ ጨዋታ፣ ማናችንም ያለፈ ታሪክ አልነበረንም። ማናችንም አንችለውም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ ሜዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመዝናናት በሚጫወቱ ሠራተኞች ሊግ ውስጥ ገባንና እኩል መሳቂያ ሆንን።

የቡድናችን ሕግ አንድ ነበር፤ የተሳሳተ ይሰደባል። ከሁሉም በላይ ወርዋሪው። ወርዋሪያችን የልብ ጓደኛዬ ነበር፤ ክሪስታል ሲቲ ውስጥ የአንድ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ይሠራል። ኳሱን ከታች ወደ ላይ አጉኖ ነው የሚወረውረው፤ አንዳንዴ መቺው ጋ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አጥሩን ይሻገራል። ከኋላው የሚቆም አንድ ባለታክሲ ነበረን፣ አፉ የማያርፍ። «እየወረወርክ ነው ወይስ እየሸኘኸው?» ይለዋል። «ለአንተ መኪና የሚሰጡ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» ይለዋል። ጓደኛዬ ካልተሰደበ መወርወር አይሆንለትም። ሲሰደብ ይስቃል፣ ሲስቅ እጁ ይስተካከላል።

አንድ ረቡዕ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት የጓደኛዬ አጎት ነበሩ። ለእሱ ሳይሆን ለእኔ መደወላቸው ብቻውን በቂ ነበር፤ ገና ወሬውን ሳልሰማ ገባኝ። እናቱ አርፈዋል።

ለምን እንደዚያ እንደጨነቀኝ ልናገር። አባቱ የሞቱ ጊዜ መርዶውን የሰማው ሥራ ቦታ ላይ ነበር። አንድ የሩቅ ትውውቅ ያለው ሰው፣ ወሬው የደረሰው መስሎት፣ ደውሎ «እግዜር ያጥናህ» አለው። ስልኩን እንደያዘ የመኪና ቁልፎች ከተሰቀሉበት ሰሌዳ ሥር ቁጭ አለ። ባለመኪኖቹ ደጅ ላይ ጥሩንባ ይነፉበታል። ተነሣና መኪኖቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ለየባለቤቶቻቸው አስረከበ፤ ከዚያ እዚያው ቅርብ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ቤት መጣ። አላለቀሰም። ለረዥም ጊዜ ሰው አልሆነም፣ ሚስቱም እኔም እንፈራለት ነበር። ደህና ሲሆን አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ። «እማዬ ብትሆን አብድ ነበር» አለኝ። «ሌላ ጊዜ መርዶ የመጣ እንደሆነ እንደ ሰው ንገሩኝ። ቤቴ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ከቦኝ።» እኔም ማልኩለት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ለአሠልጣኛችን ደወልኩ። አሠልጣኝ የምንላቸው፣ አገር ቤት በፍርድ ቤት ዳኝነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ስለ ሶፍትቦል ከእኛ የባሰ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። እሳቸው ነገሩን ቆረጡት። የሥጋ ዘመድ ሳይኖር አይነገረውም። በዚህ አገር ያለችው ዘመዱ ሌላ ስቴት የምትኖር አክስቱ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ ከሥራ ወጥታ የምትደርሰው ቅዳሜ ማታ ነው። እሁድ ንጋት ላይ ቤቱ ተሰብስበን ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ ከሚስቱና ከቡድኑ ልጆች በቀር ማንም አይሰማም፤ የሰማም ትንፍሽ አይልም። ቅዳሜ ጨዋታ እንዳለን አስታወስኳቸው፤ ቢሰረዝ ለምን ይላል፣ እኛ ብንቀር ለምን ይላል። እንግዲያው እንጫወታለን አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ልወስደው ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። እሱ ከኋላዋ ጓንቱን እየፈለገ፣ ጉንፋን ስለያዛት እንዳልጠጋት መከረኝ። በብብቱ የወረቀት ከረጢት ይዟል። ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ወጥተን የወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ ከከረጢቱ ውስጥ ኮት አወጣ። የሴት ኮት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው። እናቱ የሚመጡበት ጉዳይ አልቆ ነበር፣ ከክረምቱ በፊት ይደርሳሉ ብሎ ክፍል ሁሉ አዘጋጅቶላቸዋል። ቀለሙ ለትልቅ ሰው ይሆን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥሩ ነው አልኩት። «እጅጌው አይረዝምባትም? አንተ እኮ ታውቃታለህ» አለኝ። አውቃቸዋለሁ። ተማሪ ሳለን ስንቴ ከልጃቸው እኩል አጉርሰውኛል። ከረዘመ ይታጠፋል አልኩት። እግዜር በዚያች ሰዓት ጎማዬን ቢያፈነዳልኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሱ ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ቁልፎቹን እየነካካ፣ በረዶ ሲያዩ ምን እንደሚሉ ይነግረኛል። እኔ መንገዱ አላልቅ ብሎኛል፤ እንዳያልቅም ፈርቻለሁ። ሜዳው ላይ ያሉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁና፤ ጀግና እንጂ ተዋናይ የሚሆን በመካከላችን አልነበረም።

እንደፈራሁትም ሆነ። ገና ከመኪና ሲወርድ አንዱ ሮጦ ቦርሳውን ተቀበለው። ሌላው ውኃ አመጣለት። ባለታክሲው፣ ያ ባለጌ፣ እጁን ይዞ «እንዴት አደርክ ወንድሜ» አለው። ጋሼ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ወዲያ አዩ። ጓደኛዬ ግር እያለው ሳቀና ሊወረውር ወጣ።

የሚገጥሙን የአንድ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። የመጀመሪያው ኳስ በመቺው ራስ ላይ አለፈ። ዝም። ሁለተኛው መሬት ላይ ወደቀ። አሁንም ዝም። እኔ መቺው ሮጦ በሚደርስበት በመጀመሪያው ቤዝ ላይ ቆሜ ባለታክሲውን በዓይኔ እለምነዋለሁ፤ ስደበው፣ ስደበው እንጂ። ሦስተኛውም አራተኛውም ተበላሸ። በጨዋታው ደንብ አራት ኳስ ከተበላሸ መቺው በነፃ ይሄዳልና፣ ፈረንጁ ዱላውን ጥሎ እየሳቀ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ባለታክሲው የዚያን ጊዜ አፉን ከፈተ።

«አይዞህ» አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ጓደኛዬ ኳሱን እንደያዘ ቀስ ብሎ ዞረ። ባለታክሲውን አየው፣ ባለታክሲው መሬት መሬት አየ። ሌሎቹንም በየተራ አየ። ሁሉም ጓንቱን ያስተካክላል። ጨነቀኝና «ምን ትገተራለህ አንተ ሰነፍ፣ ወርውር!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የለማኝ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ይህን ሲሰማ ባለታክሲው ፊቱን በጓንቱ ሸፈነ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ መጣ። አልቸኮለም።

«ማን ነው?» አለኝ።

አጠገቤ የቆመው ፈረንጅ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

«እማዬ ናት?»

ራሴን አቀረቀርኩ፤ ያ ነገረው። «ኮቱ ጥሩ ነው ስትለኝ ታውቅ ነበር» አለኝ፤ አልጠየቀኝም። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ነገ ጠዋት፣ አክስትህ ስትመጣ፣ ቤትህ፣ እንዳልከው፣ እያልኩ መቀባጠር ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። በእጁ አስቆመኝ። ዓይኑ አባቱ የሞቱ ጊዜ እንደነበረው ሊሆን ሲል አየሁት፣ ባዶ። ያን ጊዜ ፈጽሞ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ይሄ ሰው ዛሬ ከእጃችን ወጣ አልኩ።

እሱ ግን እዚያው አቧራው ላይ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ፣ ኳሱን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ንገሩኝ» አለ። «ያላወቅኩ አድርጋችሁ ንገሩኝ።»

ሁሉም ጓንታቸውን እየጣሉ መጡና ዙሪያውን ተቀመጡ። የጨዋታው ዳኛ የተጎዳ መስሎት በረዶ ይዞ ሲሮጥ መጣ፤ ከእኛ አንዱ በጆሮው ሲነግረው ኮፍያውን አውልቆ የማተሚያ ቤቱን ሰዎች ሁሉ ከሜዳው አስወጣ። ጋሼ እግራቸውን እየጎተቱ ደርሰው ከፊቱ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ እናትህ ትንሽ አሟቸው ነበር» አሉ።

«እሺ» አለ።

«ሐኪም ቤት ገብተው ነበር። ሕመሙ ጠናባቸው።»

«እሺ።»

ከዚያ ጋሼ መናገር አቃታቸው። በስንት ሰው ላይ ፍርድ ያነበቡ ሰው፣ ወደ እኔ አዩ። የማልኩት እኔ ነኝ። እጁን ያዝኩት፣ ኳሱ ከጭኑ ተንከባለለ።

«አርፈዋል» አልኩት።

«እሺ» አለ፤ ከዚያ ለአባቱ ያላለቀሰውን ጭምር አለቀሰ። ቤቱ አልነበረም። ግን ቁጭ ብሎ ነበር፣ ሰውም ከቦት ነበር።